ይከለስልን ያልን ጊዜ

የመጡት ጠዋት ነው። ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። ሁለት ናቸው፤ አንዱ የፖሊስ ልብስ ለብሷል፣ አንዱ ጃኬት ነው ያደረገው። የግቢው በር ክፍት ስለነበር አላንኳኩም። ጃኬት ያደረገው ስሜን ከነአባቴ ጠራው። ከነአባቴ የሚጠራኝ ሰው ስለሌለ መጀመሪያ ሌላ ሰው የፈለጉ መስሎኝ ነበር።

«እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«ለአንድ ጥያቄ ነው፣ እማማ። አሁኑኑ ይመለሳሉ።»

ቢላዋውን ሳህኑ ላይ አስቀመጥኩ። እጄን አልታጠብኩም። አሁኑኑ ትመለሻለሽ ከተባልኩ ለምን እታጠባለሁ? ነጠላዬን አንስቼ በዚያችው በቤት ጫማዬ ወጣሁ። የእሪ በከንቱን መንገድ ታውቂዋለሽ፣ መኪና አይገባም። እስከ አስፋልቱ ዳገቱን በእግር ወጣን፣ እኔ መሀል፣ እነሱ ግራና ቀኝ። ጉልበቴ ስለሚያመኝ ቶሎ ቶሎ እቆማለሁ፤ ስቆም እነሱም ይቆማሉ። ሰው ያያል። አንዲት ሴት ከበሯ ላይ ሆና «እማማ፣ በደህና ነው?» አለችኝ። «በደህና ነው» አልኳት። ዐቢይ ጾም ነበር፤ ደብረ ዘይት ካለፈ በሦስተኛው ቀን።

ጣቢያው የቱ እንደሆነ አትጻፊው። ፒያሳ አካባቢ ነው፣ ይበቃል።

ክፍሉን ሲከፍቱልኝ መጀመሪያ ያየሁት በሩን ነው። የቆርቆሮ በር፣ አረንጓዴ የተቀባ፣ ከታች የዛገ። ውስጥ ስምንት ሴቶች አሉ። ክፍሏ የኛን ሳሎን እንኳ አታክልም። ፍራሹ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ነው፣ መርገጫ የለም። መስኮቱ ከላይ፣ ጣራው ሥር ነው፤ ሰማይ አያሳይም፣ የሌላ ቤት ቆርቆሮ ነው የሚያሳየው። በረኪና ይሸታል። ከበረኪናው ጋር ደግሞ የኔ እጅ ሽንኩርት ይሸታል። የሰዎቹን ፊት ሳላይ እጄን ነው ያሸተትኩት።

የክፍሉ አለቃ ካቦ ትባላለች። ወፍራም ናት፣ የአራዳ ልጅ፣ በድብድብ የገባች። ከተቀመጠችበት ሳትነሳ ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«እማማ፣ ምን ሰርቀው ነው? ታንክ?»

ሴቶቹ ሳቁ።

«አቤቱታ ላይ ጣቴን አስቀምጬ ነው» አልኩ።

«የቱን ጣት?»

አውራ ጣቴን አሳየኋት።

«ታዲያ እሷ ትታሰር እንጂ እርስዎ ምን አደረጉ!»

ይሄኛው ሳቅ ከመጀመሪያው ይበልጥ ነበር። እኔም ፈገግ ያልኩ መሰለኝ። ከዚያ ካቦዋ እጇን አጨበጨበችና «በሉ ተጠጉ፣ ለእማማ ግድግዳ ልቀቁላቸው» አለች። ግድግዳ እዚያ ቤት ትልቅ ነገር ነው፣ ጀርባሽን የምታስደግፊበት። መሀል የተቀመጠ ሰው ቀኑን ሙሉ ጀርባውን እንደያዘ ነው የሚውለው። ግድግዳዋን የለቀቀችልኝ አንዲት አስተማሪ ናት። ቀጭን ነች፣ የመነጽሯ አንዱ እግር ተሰብሮ በክር ታስሯል። ስልኳ ላይ በጻፈችው ነገር ነው የገባችው። ምን እንደጻፈች አልጠየቅኳትም፣ እሷም አልነገረችኝም።

ደንግጠሽ ነበር ወይ ብለሽኛል። አልደነገጥኩም። አላዘንኩምም። እግርሽ ላይ ብዙ ተቀምጠሽበት ሲደነዝዝ ታውቂው የለ? ሲነኩት የሌላ ሰው እግር ይመስላል። ሁሉ ነገሬ እንደዚያ ሆነ። ሰው ሲያወራ ይሰማኛል፣ ግን ከጎረቤት እንደሚመጣ ሬዲዮ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሕፃን ልጅ ሲያለቅስ ሰማሁ። ቅርብ ነው።

«ልጅ አለ እንዴ እዚህ?» አልኩ።

«የለም» አለች ካቦዋ። «ወዲያኛው ክፍል ያለች ሴት ናት። እህቷ በቀን ሁለቴ ልጇን በር ላይ ታመጣላታለች፣ አጥብታ ትመልሳለች። እሷም እንደርስዎ ናት፣ የአቤቱታ ነገር።»

ያን ጊዜ አወቅኳት። ልብስ ሰፊዋ ናት፣ ከበሬ ፊት ለፊት የምትኖረው። ከኔ ሦስት ቀን ቀድመው ነው የወሰዷት፤ የት እንዳለች ሰፈር ውስጥ የሚያውቅ አልነበረም። ልጇ ሴት ናት፣ ያን ጊዜ አምስት ወሯ ነው።

እንግዲህ የአቤቱታውን ነገር ልንገርሽ፣ አለዚያ ሌላው አይገባም።

ሰፈራችን ይፈርሳል ተባለና ሰዎች መጥተው በራችን ላይ በቀይ ቀለም ምልክት አደረጉ። ለመንገድ ዳር ቤቶቹ ምትክ ተሰጣቸው። እኛ ከጀርባ ውስጥ ውስጡን ያለነው መዝገብ ላይ የላችሁም ተባልን። አርባ ዓመት የኖርኩበት ቤት ነው። እናታችሁም እናንተን ወልዳበታለች። ሄደን ስንጠይቅ ውሳኔ ነው፣ አልቋል አሉን። እድራችን ድንኳን ጥሎ ተሰበሰብን። ሁሉም ያጉረመርማል እንጂ የሚናገር የለም። እኔ ተነሳሁ። «መልሰው ይዩልን ብለን ለምን አናስጽፍም?» አልኩ። ይሄን ያልኩት እኔ ነኝ። ሌላ ማንም አይደለም።

በማግስቱ ማመልከቻ ጸሐፊ ዘንድ ሄድኩ። ከቸርችል ጎዳና ገባ ብሎ ጃንጥላ ሥር የሚቀመጥ ሽማግሌ ነው። ልብስ ሰፊዋ አብራኝ የመጣችው ቁልቁለቱን እንድትደግፈኝ ነው፤ ልጇን አዝላ። እኔ ተናገርኩ፣ እሱ ጻፈ። ድንኳኑ ጋ ስንመለስ ሰው ሁሉ እየተሰለፈ ጣቱን አስቀመጠ። እሷ የቀለሙን ሳጥን ይዛ ከሰው ሰው ዞረች። ያደረገችው ይሄንን ብቻ ነው።

ያን ቀን አንድ ስህተት ሠራን። እድራችን ውስጥ ፊደል የቆጠረው ጥቂት ሰው ስለሆነ ከድሮም ጀምሮ ልማድ አለን፤ የተጻፈ ነገር በአንድ ሰው አፍ አይጸድቅም። የእድሩ ጸሐፊ ቃለ ጉባኤውን አንብቦ ሲጨርስ ወረቀቱን ለሌላ ሰው ይሰጣል። ያ ሰው ይነሳና ከመጀመሪያው ያነበዋል። ሁለቱ አንድ ከሆነ እንፈርማለን። የሚቀየም የለም። ያን ቀን ግን ወረዳው በስድስት ሰዓት ይዘጋል ተባለና ተጣደፍን። አንዴ ብቻ ተነበበ። እሱም ሰው እያወራ፣ ወንበር እየተጎተተ ነው። እኔም በደንብ አልሰማሁትም። የራሴ ነገር ነው፣ ምን ይኖረዋል ብዬ ጣቴን አስቀመጥኩ።

ጣቢያ በገባሁ ማግስት መርማሪው አስጠራኝ። ልጅ ነው። ሸሚዙ ንጹሕ፣ ጸጉሩ የተስተካከለ። ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ፣ የላስቲክ ውሃ ከፍቶ ሰጠኝ። ኮምፒውተሩን በሁለት ጣት ነው የሚመታው።

«ጾመኛ ነዎት፣ እማማ?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ቶሎ እንጨርስ።»

የኛን ወረቀት አወጣ። አወቅኩት፤ ከታች ጣታችን ሁሉ ተደርድሯል፣ ሰማያዊ ሰማያዊ።

«እዚህ ጋ ‹ውሳኔው እንዲከለስልን› ይላል። መከለስ ማለት ምን ማለት ነው?»

«እንጃ።»

«አያውቁትም?»

«አላውቀውም፣ ልጄ።»

ፈገግ አለ። ክፉ ፈገግታ አልነበረም፤ ጥያቄው የተመለሰለት ተማሪ ፈገግታ ነው።

«ይኸው፣ ችግሩ እዚህ ጋ ነው። የማያውቁትን ቃል እርስዎ ሊያስጽፉት አይችሉም። ከኋላ ሰው አለ። ወረቀቱን ይዛ ከሰው ሰው ስትዞር የነበረችው ማን ናት?»

«እሷ ቀለም ነው የያዘችው።»

«ማን ናት አልኩ እንጂ ምን ያዘች አላልኩም።»

«ታውቋታላችሁ። እዚሁ ናት።»

እኔ ነኝ ያስጻፍኩት አልኩት።

«እማማ፣ ለሰው ብለው አይዋሹ። ጾም ነው።»

ትንሽ መታ መታ አደረገ። ነገ ቃልዎ ተዘጋጅቶ ይነበብልዎታል፣ ጣትዎን ያስቀምጣሉ፣ ለምሳ ቤትዎ ነዎት አለኝ። በሩ ድረስ ክንዴን ይዞ አደረሰኝ።

ክፍላችን ስገባ አስተማሪዋ መነጽሯን በነጠላዋ ትጠርጋለች። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ልጄ፣ መከለስ ምንድን ነው?»

እንደዚህ ያለ ነገር የጠየቃት ሰው ስላልነበረ ነው መሰለኝ ፊቷ ትንሽ ፈታ አለ።

«መከለስ አንድ ጊዜ የታየን ነገር መልሶ ማየት ነው፣ እማማ። ተማሪ ፈተና ሲደርስ ደብተሩን ይከልሳል። የተማረውን ነው የሚያየው፣ አዲስ ነገር አይደለም። መጽሐፍ የጻፈ ሰው ከመታተሙ በፊት ይከልሰዋል። ሕግም ይከለሳል። ውሳኔም ይከለሳል።»

«መድገም ነዋ።»

«አይደለም። መድገም ያንኑ ነገር እንዳለ መልሶ ማድረግ ነው። የሚከልስ ሰው ግን ተሳስቼ ይሆናል ብሎ ነው የሚያየው። ስህተት ካገኘ ያርመዋል።»

ካቦዋ ከጥጓ ሆና «እኔን ባሌ ሦስቴ ከልሶኛል፣ ስህተት አላገኘብኝም» አለች።

«መነጽር የለውማ!» አለቻት ሌላዋ።

ተሳሳቁ። ሲያልፍላቸው ጠበቅኩ።

«ያልታየ ነገርስ ይከለሳል?»

አስተማሪዋ ትንሽ አሰበች። «አይከለስም፣ እማማ። ያልታየ ነገር መጀመሪያ ይታያል።»

እኛን መጀመሪያ ማን አየን? የላችሁም ነው የተባልነው። ቤቴ ገብቶ ስንት ናችሁ፣ ከመቼ ጀምሮ ናችሁ ያለኝ የለም። በሩን ቀለም የቀባው ልጅ እንኳ በሩን ነው ያየው፣ እኔን አላየኝም። እዚያው ቆሜ ነበር። ሽማግሌው ጸሐፊ ነገራችንን ያሳመረልን መስሎት ለኛ የማይሆን ቃል አስገባልን ማለት ነው። እኔ ያልኩት መልሰው ይዩልን ነው። እሱንም ቢሆን ተሳስቻለሁ። ይዩን ነበር ማለት የነበረብኝ።

ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ልጅቷ መጣች። ስታለቅስ ሰማን። እናቷ እሹሩሩ ስትላትም ሰማን፤ ድምፅዋ ሻክሯል።

«ወተቷ እየደረቀ ነው አሉ» አለች ካቦዋ።

ሰማሁ። ዳቦዬን ቆርሼ በላሁ። የበላሁትን አስታውሳለሁ፣ የተሰማኝን አላስታውስም።

በማግስቱ መርማሪው ወረቀቱን አንስቶ አነበበልኝ። ቶሎ ቶሎ ነው የሚያነበው። ስሜ፣ ዕድሜዬ፣ ሰፈሬ። አቤቱታው ላይ ጣቴን ማስቀመጤ። ውስጡ ያለውን ቃል አለማወቄ። ሁሉም እውነት ነው። አንብቦ ሲጨርስ የቀለሙን ሳጥን ወደኔ ገፋ አደረገልኝ።

እጄን አነሳሁ። አልዋሽሽም፣ ላስቀምጥ ነበር። ቤቴ መሄድ ፈልጌያለሁ። ክፉ ነገርም አላነበበልኝም። ግን እጄ እዚያው ቆመ። ጥርጣሬ አልነበረም፣ ልማድ ነው፤ አንዴ ተነብቦ ሁለተኛ ሰው ሳይነሳ ሲቀር አንድ ነገር የጎደለ ይመስለኛል።

«ሌላ ሰው ያንብበው» አልኩ።

«ምን አሉ?»

«ሌላ ሰው ያንብብልኝ።»

«እማማ፣ እኔን አያምኑኝም?»

«አምንሃለሁ፣ ልጄ። እድራችን ውስጥ እንዲህ ነው የሚደረገው። ጸሐፊው ካነበበ በኋላ ሌላ ሰው ያነባል። ቄሱ ቢያነቡትም ሌላ ሰው ያነባል።»

«ይሄ እድር አይደለም።»

«አይደለም» አልኩ። ጣቴን ግን ቀለሙን አላስነካሁም።

ሰዓቱን አየ። በሩን ከፍቶ ኮሪደሩ ላይ የነበረችውን ሴት ፖሊስ ጠራት። ሽንት ቤት የምትወስደን ልጅ ናት፣ ከገጠር የመጣች፣ ብዙ የማትናገር። «ይቺን አንብቢላቸው፣ ቶሎ በይ» አላት።

እሷ ቶሎ ማንበብ አትችልም። መስመሩን በጣቷ እየተከተለች ቃል በቃል ነው የምታነበው። ስሜ። ዕድሜዬ። ሰፈሬ። ከዚያ እንዲህ የሚል መጣ፤ «ልብስ ሰፊ የሆነችው ጎረቤቴ ወረቀቱ የእርዳታ ምዝገባ ነው ብላ አታላኝ ጣቴን እንዳስቀምጥ አድርጋለች። ሌሎቹንም የሰበሰበችው…» ቆመች። ጣቷ መስመሩ ላይ ነው። ቀና ብላ እሱን አየችው። እሱ መስኮቱን ነው የሚያየው።

«ጨርሺ» አላት።

ጨረሰች።

ውጭ የታክሲ ረዳት «ስድስት ኪሎ! ስድስት ኪሎ!» እያለ ይጮሃል።

«ይቺ መስመር ቅድም አልነበረችም» አልኩ።

«ዘልያት ይሆናል።»

«ይሆናል።»

ወንበሩን አስጠግቶ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እማማ፣ ይስሙኝ። ይሄን ከፈረሙ አሁን ይሄዳሉ። አስፋልቱ ድረስ እኔ ራሴ ነኝ የማደርስዎት። ካልፈረሙ ምንም ላደርግልዎት አልችልም። እኔንም የሚጠይቀኝ ሰው አለ።»

«እሷስ?»

«እሷ የራሷ ጉዳይ አላት።»

«የሚጠባ ልጅ አላት።»

«አውቃለሁ።»

ከልቡ ነው አውቃለሁ ያለው። ልጅ ያለው መሰለኝ። ፖሊሷ አልወጣችም፤ ወረቀቱን እንደያዘች ቆማለች።

«ትናንት መከለስ ምንድን ነው ብለኸኝ ነበር» አልኩት። «አሁን ነግረውኛል። የታየን ነገር መልሶ ማየት ነው። ቃሉ የኔ አይደለም፣ የጸሐፊው ነው። ባውቀው ኖሮ አላስጽፈውም ነበር፣ ምክንያቱም መጀመሪያውኑ ያየን የለም። ድንኳን ውስጥ ተነስቼ እናስጽፍ ያልኩት ግን እኔ ነኝ። ለጸሐፊው የነገርኩት እኔ ነኝ። እሷ እኔን ደገፈች፣ ቀለም ያዘች። እንደዚህ ብለህ ጻፈው።»

«እንደዚህ ከተጻፈ እርስዎ ይቆያሉ።»

«እቆያለሁ።»

ጀግንነት እንዳይመስልሽ። ድምፄም ከፍ አላለም። የደነዘዘ እግር እሳት ቢነካውም አያውቅም፣ እንደዚያ ነው። ፍርሃቱ የመጣው በኋላ ነው፣ ክፍል ስገባ። ጥርሴ ይገጫጭ ጀመር። ካቦዋ ብርድ ልብሷን ጣል አደረገችብኝና ምንም አልጠየቀችኝም።

ሁለት ቀን ሳይጠሩኝ ቀሩ። የሆነውን ስነግራቸው ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። አንዷ፣ በሥራ ቦታ ጠብ የገባች ሴት፣ «ይፈርሙና ይውጡ እማማ፣ እሷ ወጣት ናት፣ ትችለዋለች» አለችኝ። «እርስዎ እዚህ ቢሞቱ ማን ይጠየቃል?»

ካቦዋ ደግሞ «አንቺ፣ ዝም በይ። ሰው ጡት የምታጠባን ሴት ሸጦ ምሳ አይበላም» አለቻት።

«ምሳ ማን አለ? ቤታቸው ነው ያልኩት።»

አስተማሪዋ ግራም ቀኝም አልያዘችም። ብቻ «እማማ፣ የሚሻለውን እርስዎ ያውቃሉ» አለችኝ። እኔ ምንም አላውቅም ነበር።

በሁለተኛው ቀን እናትሽ መጣች። ለአፍታ አገናኙን፣ በሽቦው በኩል። ሽሮ በምሳ ዕቃ ይዛለች፤ ጠባቂው በማንኪያ እስከ ታች አማስሎታል።

«እማዬ፣ የሚሉሽን አድርጊና ውጪ። ቤቱ የሚፈርስበት ቀን ተቆርጧል። ከነገ ወዲያ ነው።»

«ዕቃውን አውጪው።»

«ዕቃ ብቻዬን እንዴት አወጣለሁ? ሳትኖሪ ነው የሚያፈርሱት?»

«ብኖርም ያፈርሱታል።»

አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም። ሳህኖቹን በጋዜጣ ጠቅልያቸው፣ የአባትሽን ፎቶ ከመስታወቱ አውጥተሽ ያዥው፣ መስታወቱ ይሰበራል አልኳት። ጠባቂው ጊዜ አልቋል አለ።

በማግስቱ ጠሩኝ። መርማሪው አዲስ ወረቀት ይዟል። ዓይኔን አያየኝም። አነበበልኝ፣ በዝግታ፤ የነገርኩት ነው። አንብቦ ሳይጨርስ ያቺ ፖሊስ ገባች። ማንም አልጠራትም። በሩን ዘግታ እጇን ዘረጋች።

«ላንብብላቸው?»

ትንሽ ቆይቶ ሰጣት። እንደዚያ በጣቷ እየተከተለች ከላይ እስከ ታች አነበበችው። አንድም ቃል አልተለየም።

«አንድ ነው?» አለኝ እሱ።

«አንድ ነው። ስሜ የቱ ጋ ነው?»

ፖሊሷ አሳየችኝ። ሌላ ጊዜ ጣቴን ሳስቀምጥ ሰዎች እጄን ይዘው ነው፤ እንደ ማኅተም አንስተው ያትሙኛል፣ የት እንደምጫን እንኳ አላይም። ያን ቀን የያዘኝ የለም። ቀለሙን ራሴ ነካሁ። ስሜ አጠገብ አሳረፍኩና እስኪይዝ ጠበቅኩ። እሱ ሶፍት ሰጠኝ። ጣቴን ጠረግኩ፣ እግዜር ይስጥልኝ አልኩት፣ ብድግ አልኩ።

በነጋታው ከሰዓት በኋላ ልጅቷ አልመጣችም። ጆሯችንን አቁመን ጠበቅን። አሥራ አንድ ሰዓት አለፈ። ፖሊሷ ሽንት ቤት ልትወስደን ስትመጣ ካቦዋ ጠየቀቻት።

«ያቺ የልጅ እናትስ?»

«ወጥታለች» አለች። ሌላ ነገር አልተናገረችም፣ እኔንም አላየችኝም።

እኔ የወጣሁት የሆሳዕና ማግስት ነው። በመሀል አንዴ ዳኛ ፊት አቀረቡኝ፣ ምን እንደተባለ አልገባኝም። ከዚያ አንድ ጠዋት ሂጂ አሉኝ፣ ሄድኩ። እናትሽ ወደዚህ ወደምንኖርበት ልትወስደኝ ታክሲ ይዛ ነበር፤ መጀመሪያ ሰፈር አሳዪኝ አልኳት። አፈር ነው። የማን ቤት የቱ ጋ እንደነበር አይለይም። የሰው ቤት ሲፈርስ ትልቅ የሚመስልሽ ቦታ ትንሽ ነው የሚሆነው። ቆሜ አየሁት። ብርቱ ፀሐይ ነበር። በቃ ሄድን።

ውሳኔው አልተከለሰም። አሁን እዚያ ሰፊ መንገድ አለ፣ መብራት አለ፣ ሰው ሲመሽ ይንሸራሸርበታል ይላሉ። ጥሩ ነው። ካቦዋንም አስተማሪዋንም ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም።

ሰፈሩ ሲበተን ወሬው አብሮ ተበተነ። ሰው የሰማው ወረቀት ላይ ጣቴን ማስቀመጤን ብቻ ነው። ወረቀቱ ላይ ምን እንዳለ የሰማ የለም። ልብስ ሰፊዋም ይሄንኑ ሰማች። ከዚያ በፊት በዓል ሲሆን ከሁሉ ቀድማ በሬን የምታንኳኳው እሷ ነበረች። ከተበተንን ወዲህ ግን ስልክ እንኳ አልደወለችም።

ባለፈው ዓመት ጊዮርጊስ ቅጥሩ ውስጥ ተገናኘን። ቅዳሴ ወጥቶ ዛፉ ሥር ተቀምጬ አንቺን እጠብቅ ነበር። መጥታ ፊት ለፊቴ ቆመች። አልሳመችኝም።

«እማማ፣ እንዴት ነዎት?»

«ደህና ነኝ። አንቺስ?»

«ደህና።» ነጠላዋን አስተካከለች። «እዚያ ቤት በኔ ላይ ጣትዎን አስቀመጡ አሉኝ።»

«አይደለም።»

«እሺ።»

አምኛለሁ የሚል እሺ አይደለም። አላምንም የሚልም አይደለም። ልምልላት እችል ነበር። ታቦቱ ከኋላዬ ነው፣ አንድ ቃል ነው የሚበቃኝ። አልማልኩም። ስለ ሠራሁት ነገር ለምን እምላለሁ? እንደሌባ?

ከኋላዋ ልጅቷ አለች። ሦስት ዓመት ሞልቷታል፣ ጸጉሯ ተሠርቷል፣ የተላጠ ብርቱካን ይዛለች። የእናቷን ቀሚስ ጨብጣ ታየኛለች።

«እማማን ሳሚ» አለቻት እናቷ።

ልጅቷ ትንሽ አሰበች። ከዚያ መጣችና ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ሳመችኝ፣ ተመልሳ የእናቷን ቀሚስ ያዘች። ተያይዘው ወደ በሩ ሄዱ። እናቷ እየሄደች ብርቱካኑ የሚንጠባጠብበትን እጇን ትጠርግላታለች፣ እሷ ደግሞ እጇን ትነጥቃታለች።

ስትስመኝ አፏ በብርቱካን ረጥቦ ነበር። ቀሚሴ ላይ ቀርቷል። ቤት ስገባ አጥቤ አሰጣሁት።